ማርማላታ የማይረጋው፣ አቮካዶ የሚጠቁረው ለምንድን ነው? ቤት ውስጥ በፍራፍሬ የሚሠሩ ነገሮች ከነልካቸው (ሐዋሳ)

#1 ታቦር_ሥር

ሰላም ለሁላችሁ። አቮካዶው ከይርጋለም፣ አናናሱ ከአለታ ጩኮ፣ ሙዝና ማንጎው ከአርባ ምንጭ እየተጫነ በሚገባበት ከተማ ተቀምጠን፣ ፍራፍሬን አጥቦ ከመብላትና ጁስ ቤት ሄዶ ከመጠጣት ሌላ ብዙ አንሠራበትም። የሚሞከረውም ብዙ ጊዜ ይበላሻል፤ ምክንያቱም የሚነገረን አሠራር «ትንሽ ሎሚ፣ ስኳር እንደ ፍላጎት» ብሎ ያልፋል። ይህ ክር ልክ ያለው አሠራር ይሰብሰብበት፦ ስንት ግራም፣ ስንት ደቂቃ፣ ሲበላሽ ደግሞ ለምን። ሚዛን የሌላችሁ፣ መካከለኛ አቮካዶ ልጣጩና ፍሬው ሲወጣ 200 ግራም ገደማ፣ መካከለኛ ሙዝ ሲላጥ 100 ግራም ገደማ ብላችሁ ያዙ።

በመጀመሪያ ስለ ብስለት፤ ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው እሱ ነውና። ሙዝ፣ ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱንና ጊሽጣ ከተቀጠፉ በኋላም መብሰላቸውን ይቀጥላሉ። አናናስ፣ ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ወይንና እንጆሪ ግን ከተቀጠፉ አበቃ። አናናስ ቤት ውስጥ ሳምንት ቢቀመጥ ቀለሙ ይቀየራል፣ ይለሰልሳል፣ ጣፋጭነት ግን አይጨምርም። ስለዚህ ስትገዙ ግርጌውን አሽትቱ፤ የአናናስ ሽታ ከሌለው አትግዙ፣ የጠላ ሽታ ካለው ደግሞ አልፎበታል።

ጥሬ አቮካዶና ጥሬ ማንጎ ፍሪጅ አይገቡም። ቅዝቃዜው መብሰሉን ያቆመዋል፤ በኋላ ወጥቶ ቢለሰልስም ውስጡ ይጠቁራል። በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ከአንድ የበሰለ ሙዝ ጋር ካርቶን ውስጥ ዝጉት። ሙዙ የሚያወጣው ኤትሊን የሚባል ጋዝ ከ2 እስከ 4 ቀን ውስጥ ያደርሰዋል። ፍሪጅ የሚገባው ከበሰለ በኋላ ነው።

መክፈቻ ይሁነንና ስፕሪስ ለ4 ብርጭቆ። አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ፣ ሁሉም ከተላጡ በኋላ 400 ግራም 400 ግራም። እያንዳንዱ ለብቻው ይፈጫል፦ አቮካዶው ከ200 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃና ከግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጋር፣ ማንጎው ከ75 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር፣ ፓፓያው ያለ ምንም ውሃ ከ1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጋር። ስኳር ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም፤ ማንጎው በደንብ ከበሰለ አያስፈልገውም። ፓፓያ ላይ ሎሚ የሚገባው ፓፓያ በራሱ ኮምጣጣነት የሌለው፣ ጣዕሙ የሚተኛ ፍሬ ስለሆነ ነው።

ማርማላታ የሚችል ሰው ይቀጥል።

#2 አሞራ_ገደል

ጥሩ ክር ነው። ሁለት ጥያቄ፦ ስፕሪሱ ብርጭቆ ውስጥ ተደባልቆ አንድ ዓይነት ቡኒ የሚሆነው ለምንድን ነው? አቮካዶውስ ግማሹ ለማታ ሲቀመጥ እንዳይጠቁር ምን ይደረግ? ፍሬውን መሃሉ ላይ ማስቀመጥ ይጠቅማል የሚሉ አሉ።

#3 ጁስ_ባለሙያ

የመጀመሪያውን ልመልስ። ሽፋኖቹን ለያይቶ የሚይዘው የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች መሆኑ አይደለም፤ ውፍረታቸው ነው። ሦስቱም እኩል ወፍራም ይሁኑ። መለኪያው ማንኪያ ነው፦ ከተፈጨው አንስታችሁ መልሳችሁ ላዩ ላይ ጠብ አድርጉት። ወዲያው ከጠፋ ቀጥኗል። ጉብ ብሎ ሦስት እስክትቆጥሩ ቆይቶ ቀስ ብሎ ከገባ ልክ ነው። ከቀጠነ ውሃውን ማውጣት ስለማይቻል ተጨማሪ ፍሬ አስገቡ። ለዚህ ነው ውሃ በሁለት በሦስት ጊዜ እንጂ በአንድ ጊዜ የማይገለበጠው።

አፈሳሰሱም አለ። የመጀመሪያውን ጨምራችሁ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ ስታደርጉት ላዩ ይስተካከላል። ሁለተኛውን ከከፍታ አታፍስሱ። ማንኪያውን ገልብጣችሁ ጫፉን ከብርጭቆው ግድግዳ ጋር አስነኩና በጀርባው ላይ ቀስ እያለ ይውረድ። በየመሃሉ መፍጫው በውሃ ይለቅለቅ፤ አቮካዶ የነካው ማንጎ ቀለሙ ይደፈርሳል።

አቮካዶ ከ30 ሰከንድ በላይ አይፈጭ። ብዙ ሲፈጭ አየር ይገባበታል፣ አረፋ ይሠራል፣ ቶሎም ይጠቁራል። ጭረት (ቃጫ) የበዛበትን የአገር ማንጎ ደግሞ በወንፊት አጥልሉት፤ ጭረቱ ሽፋኑን እየጎተተ ያደባልቃል።

ፍሬውን መሃል ማስቀመጥ የሚጠቅመው ፍሬው የነካውን ቦታ ብቻ ነው። አቮካዶ የሚጠቁረው ውስጡ ያለው ኢንዛይም ከአየር ጋር ሲገናኝ ስለሆነ መድኃኒቱ አየር መከልከል ነው። ላዩን ሎሚ ቀብታችሁ ፌስታል ወይም ፕላስቲክ መጠቅለያ አቮካዶውን እስኪነካ ድረስ ተጭናችሁ ለጥፉበት። ሳህን መክደን ብቻውን አይበቃም፤ በሳህኑና በአቮካዶው መሃል የቀረው አየር ሥራውን ይሠራል። እንዲህ ሆኖ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ቀን በደህና ያድራል። ትንሽ ቡኒ ካለው ያንን ስስ ሽፋን ገፎ መጣል ነው፤ ከሥሩ ያለው ጤነኛ ነው።

#4 ከይርጋለም

አቮካዶ ላይ ልጨምር። ብዙ ሰው ልጣጩ የጠቆረውን «ተበላሽቷል» ብሎ ይመልሳል። ሐስ የሚባለው፣ ቆዳው ሻካራ የሆነው ዝርያ፣ ሲበስል መጥቆሩ ተፈጥሮው ነው። ቆዳው ለስላሳ የሆነው እንደ ፉኤርቴና ኤቲንገር ያለው ግን በስሎም አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በቀለም አትፍረዱ። መዳፋችሁ ላይ አስቀምጣችሁ በመላው እጃችሁ ለዘብ አድርጋችሁ ያዙት፤ እሺ ካለ በስሏል። በአውራ ጣት እየጫኑ መሞከር ግን የሻጩን ዕቃ ያበላሻል፤ የተጫነው ቦታ በማግስቱ ይጠቁራልና እባካችሁ ተዉት።

ቅርንጫፉ ላይ የነበረችውን ትንሽ ቁራጭ በጥፍር ገፋ አድርጓት። ከሥሯ አረንጓዴ ቢጫ ከሆነ መልካም፣ ቡኒ ከሆነ ውስጡ ነጥቦች አሉት። እምቢ ብላ ካልተነሳች ገና ጥሬ ነው።

አቮካዶን በእሳት አታሙቁ፤ ይመራል። ትኩስ ምግብ ላይ መጨመር ካስፈለገ ምግቡ ከምድጃ ከወረደ በኋላ ነው።

#5 ዘይቱን_ቤት

ማርማላታ ለሚጀምር ሰው ከዘይቱን የተሻለ ፍሬ የለም። ማርማላታን የሚያረጋው ፔክቲን የሚባል በፍሬው ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ዘይቱን ደግሞ ሞልቶታል። እንጆሪ፣ አናናስና በደንብ የበሰለ ማንጎ ግን ትንሽ ነው ያላቸው። በእነሱ ጀምሮ ቀጠነብኝ የሚል ሰው ጥፋቱ ከእጁ አይደለም፣ ከፍሬው ነው።

1 ኪሎ ዘይቱን፦ ሦስት እጁ የበሰለ፣ አንድ እጁ ገና ጠንከር ያለ ይሁን። ጠንካራው ነው ፔክቲን የሚበዛው፤ የበሰለው ሽታውን ይሰጣል። አትላጡት። አጥባችሁ፣ የጠቆረውን ጫፍ ቆርጣችሁ ለአራት ክፈሉት። ውሃ ሊሸፍነው እስኪቃረብ ጨምሩና ተከድኖ በለዘብተኛ እሳት 20 ደቂቃ ይቀቀል። ማንኪያ ሲነካው መፍረስ አለበት።

ከዚያ በወንፊት ይጠለላል፣ ፍሬው ይቀራል። ከወንፊቱ በታች የወረደውን መዝኑ። ለእያንዳንዱ 1 ኪሎ የወረደ 700 ግራም ስኳርና የ2 ሎሚ ጭማቂ። ስኳሩን የምትለኩት በጥሬው ዘይቱን ሳይሆን በተጠለለው ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳትና አንድም ማር አንድም ሾርባ ይሆንበታል።

ስኳር ከመጀመሪያው አይገባም። ስኳር ቀድሞ ከገባ ልጣጩን ያጠነክረዋል፣ ፔክቲኑም አይወጣም። ፍሬው ከፈረሰ በኋላ ስኳርና ሎሚው አንድ ላይ ገብተው በዝቅተኛ እሳት ስኳሩ እስኪሟሟ ይማሰላል፤ ማማሰያው የድስቱን ወለል ሲፍቅ የአሸዋ ድምፅ መስማት የለባችሁም። ድምፁ ሲጠፋ እሳቱን ከፍ አድርጉ። ሳይሟሟ ከፈላ በሁለተኛው ሳምንት ጠርሙሱ ውስጥ ስኳር ይሆናል።

ሰፊና ወፍራም ድስት ተጠቀሙ፤ ከግማሹ በላይ አይሞላ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ሲጀምር አረፋው ትንንሽና ነጭ ነው፣ ጫጫታው ቀጭን ነው። እየደረሰ ሲመጣ አረፋው ይተልቃል፣ ያብረቀርቃል፣ ድምፁም እንደ ገንፎ ጶፍ ጶፍ ይሆናል። እዚህ ላይ ይረጫልና ረጅም ማማሰያ ያዙ፣ ልጆች ይራቁ። ከዚህ በኋላ ድስቱን ጥሎ መሄድ የለም፤ በአንድ ደቂቃ ሥሩን ይይዛል።

መድረሱን ለማወቅ፦ ቀድማችሁ ትንሽ ሳህን የፍሪጁ በረዶ ቤት ውስጥ አስቀምጡ። ከድስቱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጠብ አድርጉበት፣ 1 ደቂቃ ጠብቁ፣ በጣታችሁ ከጎን ገፋ አድርጉት። ላዩ ከተጨማደደ ደርሷል። ከፈሰሰ 3 ደቂቃ ጨምሩና ድገሙ። ስትሞክሩ ድስቱን ከእሳቱ አውርዱት፤ ካለበለዚያ እናንተ ሳህኑን ስታዩ እሱ ያልፍበታል።

#6 አላሙራ12

ዘይቱን ቤት፣ እናመሰግናለን እህቴ። ቴርሞሜትር ላለው ሰው ግን ስንት ዲግሪ ነው? ከውጭ የሚመጡት አሠራሮች 104 ወይም 105 ይላሉ፤ እስከዚያ ሲጠበቅ ሥሩ ያርርና ሲቀዘቅዝ እንደ ከረሜላ ጥርስ ላይ ይጣበቃል።

#7 ታቦር_ሥር

ስህተቱ ከከፍታው ነው። 104 የተጻፈው ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት፣ ለባሕር ዳርቻ አገር ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በየ300 ሜትሩ የውሃ መፍያ 1 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ94 አካባቢ ነው። ማርማላታ የሚረጋው ደግሞ ከውሃ መፍያ 4 ወይም 5 ዲግሪ ከፍ ሲል ነው። ስለዚህ ለሐዋሳ 99 ላይ ማቆም ነው። 104 ከጠበቃችሁ ውሃው አልቆ ስኳሩ ብቻ ይቀራል።

ቴርሞሜትራችሁን ለማመን መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ አፍልታችሁ ለኩበት። 95 ካለ ግባችሁ 99 ከግማሽ ነው፣ 93 ካለ 97 ከግማሽ። አዳማ ያላችሁም ከፍታችሁ ስለሚቀራረብ ያው ነው።

ይህ ነገር ጠርሙስ ማፍላት ላይም ይመጣል። ዝቅተኛ ቦታ 10 ደቂቃ የሚበቃው እዚህ 16 ደቂቃ ይሁን፤ ለየ300 ሜትሩ 1 ደቂቃ እየጨመራችሁ ማለት ነው። ጠርሙሱ ትኩስ ሳለ ትኩሱን ማርማላታ ጨምሩ፤ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ይሰነጠቃል። ከአፉ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቁም፣ አፉ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ፣ ወዲያው ይከደን።

#8 አላሙራ12

ይህን የሚነግረን ሰው አልነበረም፣ ተባረክ። አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ፍራፍሬ የምንሠራው ለጤና ብለን ከሆነ፣ ለ1 ኪሎ 700 ግራም ስኳር ምኑ ጤናማ ነው? ለምን በግማሽ አይሠራም? ወይም በማር?

#9 ዘይቱን_ቤት

ጥያቄህ ትክክል ነው፣ ግን ስኳሩ ለጣዕም ብቻ አይደለም የገባው። ውሃውን ይዞ ሻጋታ እንዳያድግ የሚከለክለው እሱ ነው፤ ፔክቲኑም የሚያያዘው ስኳርና ኮምጣጣ ሲያገኝ ነው። በግማሽ ከሠራኸው ይቀጥናል፣ ከቁም ሳጥን ወጥቶም የፍሪጅ ምግብ ይሆናል፤ በ3 ሳምንት ውስጥ ማለቅ አለበት። የሻገተውን ደግሞ ላዩን ገፎ መብላት የለም፤ የሻጋታው ሥር ወደ ውስጥ ስለሚገባ ጠርሙሱን በሙሉ መጣል ነው።

ማር ብዙ ሲፈላ ሽታው ይጠፋል፤ ውድ ማር ገዝቶ ተራ ስኳር ማድረግ ነው። ማር ካማረህ ምግቡ ከወረደና ለብ ካለ በኋላ ጨምር። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር በምንም መልኩ አይሰጥ።

ስኳር ጨርሶ የማይፈልግ ሰው ማርማላታ የሚለውን ስም ትቶ ይህን ይሥራ፦ 300 ግራም የበሰለ ማንጎ ወይም እንጆሪ ተከትፎ ከ1 የሾርባ ማንኪያ ሎሚ ጋር 8 ደቂቃ ይብሰል። ወርዶ 2 የሾርባ ማንኪያ የተቆላና የተፈጨ ተልባ ይግባበትና ይማሰል። በ15 ደቂቃ ውስጥ ተልባው ውሃውን ጠጥቶ ያወፍረዋል። ፍሪጅ ውስጥ 5 ቀን ይቆያል፤ በዳቦም በቂንጬም ይሄዳል። በአንድ ጊዜ ትንሽ መሥራት ነው፤ የምታከማቸው ነገር አይደለም።

#10 ተማሪ_07

ፍሪጅም መፍጫም ለሌለው፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ብቻ ላለው ሰው ምን አለ? ጾምም ስለሆነ ወተትና እንቁላል ሳይገባበት።

#11 እናት_ጓዳ

ልጄ፣ ያለ መፍጫ ብዙ ይሠራል።

ጠዋት በሶ በሙዝ አድርግ። 3 የሾርባ ማንኪያ በሶ በመጀመሪያ በ100 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለስልሶ ይበጥበጥ፤ ውሃው በሙሉ በአንድ ጊዜ ከፈሰሰበት ይጓጉላል። 2 ሙዝ፣ ልጣጩ ላይ ቡኒ ነጠብጣብ የጀመረው፣ በሹካ እስኪልም ይፈጭና ይግባበት። ከዚያ 300 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ የጨው ቁንጥጫ። ገብሱ ተቆልቶ ስለተፈጨ ማብሰል አያስፈልገውም። ወዲያው ይጠጣ፤ ሩብ ሰዓት ከቆየ በሶው እያበጠ ገንፎ ይሆናል። መለስ ብሎ ውሃ መጨመር ጣዕሙን ያጠፋዋል።

የጾም ፓንኬክ፦ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ 10 ደቂቃ ይዘፍዘፍ። እንደ እንቁላል ነጭ ሲያሟልጭ ደርሷል፤ ሊጡን የሚይዘው እሱ ነው። 200 ግራም የተፈጨ ሙዝ፣ 150 ግራም ዱቄት፣ ቢቻል ግማሹ ያልተነፋ የስንዴ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ጨው፣ ካለ ሩብ የሻይ ማንኪያ የኮረሪማ ዱቄት። 150 ሚሊ ሊትር ውሃ ቀስ በቀስ። ዱቄቱ ከገባ በኋላ ብዙ አትምታው፣ ይጠነክራል። 5 ደቂቃ ይረፍ።

መጥበሻው መካከለኛ እሳት ላይ፣ ዘይቱ በጨርቅ የተቀባ ያህል ብቻ። ላዩ ላይ አረፋ ወጥቶ ፈንድቶ ቀዳዳው ክፍት ሲቀር ይገልበጥ። ውጩ አሮ ውስጡ ሊጥ ከሆነ እሳቱ በዝቷል፤ የሙዝ ስኳር ቶሎ ስለሚያር ከተራ ፓንኬክ ያነሰ እሳት ይፈልጋል። ጥሬ ሙዝ አይሆንም፤ እሱ ገና ስታርች ነው፣ አፍ ላይ ይጎመዝዛል።

#12 ጁስ_ባለሙያ

ለተማሪው ሁለት ማሳሰቢያ፣ ለሌላውም ይሆናል።

ጁስ ሳይበስል የሚጠጣ ነውና ውሃው ይፍላ። ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል፣ 3 ቢሆን አይጎዳም። በረዶውም ከዚሁ ውሃ ይሠራ፤ ውሃውን አፍልቶ ካልፈላ ውሃ የተሠራ በረዶ መጨመር ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። ፍራፍሬው ሳይላጥ፣ ሳይቆረጥ በሚፈስ ውሃ ይታጠብ፤ የሚላጠውም ጭምር። ልጣጩ ላይ ያለውን ቢላዋው ይዞት ይገባልና። የተቆረጠ ፍራፍሬ ያለ ፍሪጅ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። ሐብሐብና ፓፓያ ኮምጣጣነት ስለሌላቸው ቀድመው ይበላሻሉ።

አናናስ ከወተት ወይም ከእርጎ ጋር ለምትፈጩ፦ መምረሩ የወተቱ ጥፋት አይደለም። አናናስ ውስጥ ብሮሜሌን የሚባል ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም አለ፤ ወተቱን እየበጣጠሰ ያመርረዋል። ብዙ አናናስ ሲበላ ምላስን የሚያቃጥለውም እሱ ነው። መፍትሔው አናናሱን ከትፎ በራሱ ውሃ 5 ደቂቃ ማፍላትና በደንብ ማቀዝቀዝ ነው፤ ሙቀት ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ጥሬውን ከፈለጋችሁ ፈጭታችሁ በዚያው ሰዓት ጠጡ።

#13 አሞራ_ገደል

ፓሽን ፍሩትና ጊሽጣስ? ከነፍሬያቸው ይፈጫሉ?

#14 ጁስ_ባለሙያ

ጊሽጣ በፍጹም። ፍሬው መርዛማ ነው፤ ሲፈጭ የሚወጣው ነገር ዓይን ከነካም ይጎዳል። በእጅ እየፈለቀቃችሁ ፍሬውን አንድ በአንድ ካወጣችሁ በኋላ ነው መፍጫ የሚገባው። ሁለት ጊሽጣ ተፈልቅቆ ከ200 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ወተት ጋር በማንኪያ ብቻ ቢመታ እንኳ ይበቃዋል።

የፓሽን ፍሩት ፍሬ ይበላል፣ ግን ከተፈጨ ጥቁር አሸዋ ይሆንና ይመራል። ውስጡን ከ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር መፍጫውን ሁለት ጊዜ ቆንጠጥ አድርጋችሁ አጥፉት፤ ፍሬው ከሥጋው ይላቀቃል እንጂ አይሰበርም። ከዚያ በወንፊት።

#15 ወንዶ_ገነት_መንገድ

አባታችን ስኳር አለባቸው። ጁሱን እንተውላቸው ወይስ ከስኳር ነጻ ብለን እንስጣቸው?

#16 ታቦር_ሥር

መጠኑን ሐኪማቸው ይወስን። ከምግቡ ጎን ግን ይህን እወቁ፦ አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ለመሙላት 3 ወይም 4 ብርቱካን ይጨመቃል። አራት ብርቱካን ቁጭ ብሎ የሚበላ ሰው ጥቂት ነው፤ በጁስ ግን በአንድ ደቂቃ ይገባል፣ ጭረቱም ወንፊት ላይ ቀርቷል። ስኳር ያልተጨመረበት ጁስም የፍሬው ስኳር አለበት። ለእሳቸው ሙሉ ፍሬው ከነጭረቱ ይሻላል፤ ወይም ከፍራፍሬው ውስጥ አቮካዶ፣ ስኳሩ እጅግ ትንሽ ነውና። ግማሽ አቮካዶ በሹካ ተፈጭቶ፣ ሎሚ፣ ጨው፣ ቃሪያ፣ በሙሉ ስንዴ ዳቦ።

#17 አላሙራ12

ማንጎ ረክሶ ሲገኝ ማድረቅ ይቻላል? ፀሐይ ላይ ይሻግታል ይባላል።

#18 ታቦር_ሥር

የሚሻግተው ወቅቱ ሳይመረጥ ወይም ውፍረቱ ሳይስተካከል ሲቀር ነው። ክረምት ላይ አትሞክሩት። ፀሐይዋ ደረቅ በሆነችበት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይሆናል።

በስሎ ግን ያልላመ ማንጎ ምረጡ። የላመው ሰፌዱ ላይ ይጣበቃል። 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት፤ አንዱ ቀጭን አንዱ ወፍራም ከሆነ ቀጭኑ ሲሰበር ወፍራሙ ይሻግታል። 1 ብርጭቆ ውሃ ከሩብ ብርጭቆ ሎሚ ጋር ተቀላቅሎ 5 ደቂቃ ይነከር፤ ቀለሙን ይጠብቃል። ሰፌድ ላይ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አንጥፋችሁ ሳይነካካ ደርድሩት፣ በስስ ሻሽ ሸፍኑት፤ ሻሹ ፍሬውን እንዳይነካው ዙሪያውን በብርጭቆ ደግፉት። ከመሬት ከፍ ይበል፣ ነፋስ ከሥርም ይግባ። በቀን ሁለት ጊዜ ይገላበጥ። ማታ የግድ ወደ ቤት ይግባ፤ በተለይ ሐይቁ አጠገብ ያላችሁ፣ ቀን የደረቀውን የሌሊቱ ጤዛ መልሶ ያረጥበዋል። ከ2 እስከ 3 ቀን። ኦቭን ያለው በ60 ዲግሪ በሩን ገርበብ አድርጎ ከ6 እስከ 10 ሰዓት።

ሲታጠፍ እንደ ቆዳ ታጥፎ ካልተሰበረ፣ ሲቀደድም እርጥበት ካላወጣ ደርሷል። ወዲያው አትሸጉት። ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ሦስተኛውን ሞልታችሁ ለ7 ቀን በየቀኑ ነቅነቅ አድርጉት። ግድግዳው ላይ ጠል ከታየ አልደረቀም፣ ይመለስ። አብዛኛው የሚሻግተው ይህ ሳምንት ስለሚዘለል ነው።

#19 እናት_ጓዳ

የሎሚውን ማንም አላነሳም። ሎሚ ከነልጣጩ መፍጫ ውስጥ ጥሎ መምታት ፋሽን ሆኗል፤ የሚመረው ከዚያ ነው። ምሬቱ ያለው ነጩ ሽፋንና ፍሬው ውስጥ ነው፤ ሲቆይ ደግሞ ይብሳል። ለ1 ሊትር ውሃ 5 የአገር ሎሚ በመዳፍ ጠረጴዛ ላይ ይንከባለል፣ ጭማቂው እሺ ብሎ ይወጣል። 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ሲኒ ሙቅ ውሃ ይሟሟ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የገባ ስኳር ሥር ይቀራልና ሰው ጣፋጭ አልሆነም እያለ ይጨምርበታል። ሎሚው መጨረሻ ላይ፣ ውሃው ከቀዘቀዘ በኋላ። የዕለቱን ለዕለቱ።

#20 ወንዶ_ገነት_መንገድ

የአናናስ ልጣጭስ ይጣላል?

#21 እናት_ጓዳ

አይጣልም። ግን ሳይላጥ በፊት በብሩሽ ታጥቦ ከሆነ ብቻ ነው። የ1 አናናስ ልጣጭና መሃል ያለው ጠንካራው ግንድ በ2 ሊትር ውሃ፣ 30 ግራም የተቀጠቀጠ ዝንጅብል፣ 4 ፍሬ ቅርንፉድ፣ ተከድኖ 25 ደቂቃ። ከዚያ በላይ ከፈላ ልጣጩ ይጎመዝዛል። ተጠልሎ ለብ ሲል የ1 ሎሚ ጭማቂ። ትኩሱ እንደ ሻይ፣ ቀዝቃዛው እንደ ለስላሳ ይጠጣል፤ ፍሪጅ ውስጥ 3 ቀን።

#22 አሞራ_ገደል

ዘይቱን ቤት፣ አንድ የመጨረሻ። ዘይቱኑ ሲጠለል ፍሬው ወንፊቱን ይደፍነዋል፣ ግማሹ ላይ ይቀራል።

#23 ዘይቱን_ቤት

ወንፊትሽ የዱቄት ከሆነ ነው፤ ዓይኑ ጠቧል። ዓይኑ ከዘይቱን ፍሬ ትንሽ ብቻ የሚያንስ ወንፊት ፈልጊ። በአንድ ጊዜ ሁለት ጭልፋ ብቻ ጨምሪ፣ ትኩስ ሳለ፤ ከቀዘቀዘ ይረጋና አይወርድም። በማንኪያ ከላይ ወደ ታች አትጫኚው፣ ፍሬውን ቀዳዳው ውስጥ የሚሰካው እሱ ነው። በጭልፋ ጀርባ ክብ እየሠራሽ አዙሪው። ላይ የቀረው ላይ ግማሽ ብርጭቆ የፈላ ውሃ አፍስሺበት፣ በማንኪያ አላቅቂውና አንዴ ድገሚው፤ ከፍሬው ዙሪያ ያለው ዝልግልግ ነገር በደንብ ፔክቲን አለበት። የወንፊቱን ሥርም በማንኪያ ፍቂ፤ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ተለጥፎ ይገኛል። ውሃ ስለጨመርሽ ስኳሩን ከመለካትሽ በፊት ድጋሚ መዝኚው።